የኪናባሉው ባለ ገንቦ ተክል

እንግሊዛዊው ስፔንሰር ሴንት ጆን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በኪናባሉ ተራራ ላይ በአንድ ተክል ገንቦ ውስጥ ሰጥሞ ስለተገኘ አይጥ ጻፈ። ኔፔንቴስ ራጃ የተባለው ይህ ተክል በአይጥ በልነት ስሙ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። ተክሉን በ1859 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ዳልተን ሁከር ሲሆን፣ «ራጃ» ያለውም ራጃ ይባል ለነበረው የሳራዋክ ገዥ ለጄምስ ብሩክ ክብር ነው።

የሚበቅለው በቦርኒዮ ደሴት፣ በማሌዥያዋ ሳባህ ግዛት፣ በኪናባሉና በጎረቤቱ ታምቡዩኮን ተራራ ላይ ብቻ ነው። ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ያለው የዚያ ቦታ አፈር ኒኬል የበዛበት፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያነሰው ነው። ስለዚህ ሥሩ ያጣውን ቅጠሉ ያመጣል።

ገንቦው አበባ ይመስላል እንጂ ቅጠል ነው። ከቅጠሉ የሚወጣ ሐረግ ጫፉ ላይ አብጦ ገንቦ ይሆናል። በአብዛኞቹ ዘመዶቹ ሐረጉ የሚወጣው ከቅጠሉ ጫፍ ነው፤ በራጃ ግን ጫፉ ሳይደርስ ከቅጠሉ ሆድ ይነሳል። ይህ ምልክት ተክሉን ያለ ገንቦም ለመለየት ይረዳል። ትልቁ ገንቦ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከሦስት ሊትር በላይ ውሃም ይይዛል።

የአይጡ ዝና ግን ትልቁን ነገር ሸፍኖብናል። ነፍሳት ገብተው መሞታቸው እውነት ነው፤ አይጥ መስጠሙም አልፎ አልፎ ይደርሳል። ዋናው ጉዳይ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ጣፋጭ ፈሳሽ ይመነጫል። ቀን ቀን ቱፓያ ሞንታና የተባለች፣ አይጥ የመሰለች የዛፍ እንስሳ፣ ሌሊት ደግሞ የተራራው አይጥ ይህን ሊልሱ ይመጣሉ። ከገንቦው አፍ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት ከቱፓያዋ ቁመት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ለመላስ ስትንጠራራ መቀመጫዋ ልክ ከአፉ በላይ ይሆናል። ኩሷ እዚያው ይወድቃል፤ ተክሉም ናይትሮጂኑን ከዚያ ያገኛል። እንስሳዋን ከመግደል ይልቅ መመገብ እንደሚበጀው ይህን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ተክል ጥቂት ነው።

በዘር ምደባም መልክ ያሳስታል። በሰሜን አሜሪካ ረግረግ የሚበቅሉት ሳራሴኒያዎች ገንቦ ቢኖራቸውም የኔፔንቴስ የቅርብ ዘመድ አይደሉም፤ የእነሱ ክፍለ መደብ ሻይ ቅጠል ያለበት ነው። ኔፔንቴስ ደግሞ የሚመደበው ከቀይ ሥርና ከእኛው እንዶድ ጋር ነው። ነፍሳትን በሙጫ የሚይዙት ድሮሴራዎችም እዚያው ናቸው። ገንቦው በሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የተፈጠረ ነው።

የራጃ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚገኘው በተለያየ ተክል ላይ ነው። ዘር እንዲያፈራ ሁለቱ በአቅራቢያ፣ በአንድ ወቅት ማበብ አለባቸው፤ ስለዚህ አንድ ተክል ተነቅሎ ሲሸጥ የቀረውም ፍሬ ሊያጣ ይችላል። በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስ፣ ራጃን ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግለት አንደኛ ዝርዝሩ ውስጥ አስፍሮታል።