ሣሩን ነቅሎ ሰሌዳ የተከለው ጎረቤት
የአገር በቀል ተክል ገበያ በአሜሪካ የሚንቀሳቀሰው በትንሽ የደጅ ጽሑፍ ነው

ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋ አያወጣም። ይህን መርካቶ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጆንያ ቡና «የይርጋ ጨፌ ነው» ሲባልና እንዲያው በደፈናው «ቡና ነው» ሲባል ገዢው የሚዘረጋው ገንዘብ እኩል አይሆንም። ይኸው የገበያ ሕግ በአሜሪካ የመኖሪያ ሰፈሮች ወደ ግቢ ደጅ ወጥቷል። ሸቀጡ አገር በቀል ተክል ሲሆን፣ አስተዋዋቂው ደግሞ በአጭር እንጨት ወይም ብረት ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚው የሚያነባት፣ ከመጽሐፍ ገጽ እምብዛም የማትበልጥ ሰሌዳ ናት።

ነገሩ የአበባ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ከሰሌዳዋ በስተጀርባ ግን የቤት ግዢ ውል፣ የጠበቃ ክፍያ፣ የችግኝ ንግድና የጎረቤት ሰላም አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስላሉም ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሣር የነገሠበት አገር

በአሜሪካ የአንድ ሰው የጉርብትና ደግነት የሚለካው ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሣር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አጭር፣ አረንጓዴና እኩል የታጨደ ሣር የጨዋ ሰው ምልክት ተደርጎ ይታያል። በ2005 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት (ናሳ) ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት እንደገመተው፣ በአገሪቱ በሣር የተሸፈነው መሬት 163 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት አንድ ሰባተኛ ገደማ መሆኑ ሲሆን፣ በዚያው አገር በመስኖ ከሚለማው የበቆሎ እርሻም ሦስት እጥፍ ይሆናል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ፣ አንድ ቤተሰብ ከሚጠቀምበት ውኃ በአማካይ 30 በመቶ ያህሉ ከቤት ውጭ እንደሚፈስ ይገልጻል። ይህን ሁሉ ውኃ ጠጥቶ ሣሩ የሚሰጠው ምርት የለም።

ሣሩን ነቅሎ የአካባቢውን ተክል የሚተክለው ባለቤት የሚያነሳው መከራከሪያ ሆድ የሚመለከት ነው፤ የወፍና የቢራቢሮ ሆድ። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የሆኑት ዳግላስ ታላሚ በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍና ከዚያም ወዲህ በሰጧቸው ትምህርቶች ሒሳቡን ለተራው ሰው በሚገባ መንገድ አስልተውታል። የአገሩ ተወላጅ የሆነው የኦክ ዛፍ ከ500 በላይ የአባጨጓሬ ዓይነቶችን ሲመግብ፣ ከእስያ የመጣው ጊንኮ የሚመግበው በጣት የሚቆጠር ነው። ቺካዲ የምትባለው ትንሽ ወፍ ደግሞ አንድ ጎጆ ጫጩቶቿን ለክንፍ ለማብቃት ከ6 ሺሕ እስከ 9 ሺሕ አባጨጓሬ መልቀም አለባት። በ2018 የወጣና በዋሽንግተን ከተማና ዙሪያዋ ባሉ ግቢዎች የተካሄደ ጥናት ያገኘው ውጤትም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ከግቢው ዕፅዋት ቢያንስ 70 በመቶው አገር በቀል ካልሆነ ይህች ወፍ ዘሯን መተካት አትችልም።

እንግዲህ ክርክሩ ይህ ነው። ጎረቤት ግን ጥናት አያነብም። የሚያየው የረዘመ ቅጠል፣ የደረቀ አገዳና በትል የተበሳሳ ተክል ነው። ብዙ ከተሞች የግቢ ሣር ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳያድግ የሚከለክል ደንብ ስላላቸው፣ የተቆጣ ጎረቤት አንድ ስልክ ከደወለ ቅጣት ሊከተል ይችላል። ሰሌዳዋ ሥራዋን የምትጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አረምን አትክልት የሚያሰኝ

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዋ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ጆአን ናሳወር በ1995 ባሳተሙት በሰፊው በሚጠቀስ ጽሑፍ ዋናውን ነገር ነክተውታል። ሰው የሚቆጣው በተክሉ ሳይሆን «ባለቤት የለውም» ብሎ በማሰቡ ነው። ስለዚህ የተዘበራረቀ የሚመስለው ተክል ዙሪያው በሥርዓት ከታጠረ፣ ዳሩ ከታጨደና አንድ ሰው እንደሚንከባከበው የሚናገር ምልክት ከቆመበት ዓይን ይቀበለዋል። ሰሌዳ ከእነዚህ ምልክቶች ሁሉ ርካሹ ነው። አጥር ይታጠራል፣ ንጣፍ ይነጠፋል፤ ሰሌዳ ግን ለመትከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ቀድመው የተረዱ ድርጅቶች ሰሌዳውን ራሱን ሸቀጥ አድርገውታል። ቀዳሚው ናሽናል ዋይልድላይፍ ፌዴሬሽን ሲሆን፣ ከ1973 ጀምሮ ለግቢዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መመዘኛው ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ፣ ልጅ ማሳደጊያ ስፍራና ተፈጥሮን የማይጎዳ አያያዝ ነው። ማመልከቻው ወደ 20 ዶላር የሚያስከፍል ሲሆን ሰሌዳው ለብቻው ይሸጣል። ፌዴሬሽኑ በዚህ መንገድ ከ300 ሺሕ በላይ ስፍራዎችን መመዝገቡን ይናገራል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሞናርክ ዎች ደግሞ በ2005 የሞናርክ ቢራቢሮ ማረፊያ ለሆኑ ግቢዎች ተመሳሳይ ምዝገባ ጀመረ። ታላሚም በ2020 ከአጋራቸው ጋር ሆምግሮውን ናሽናል ፓርክ የተባለውን እንቅስቃሴ አቋቁመው፣ በግል ይዞታ ላይ 20 ሚሊዮን ኤከር የማልማት ዓላማ ይዘው ተነሱ።

በነጋዴ ዓይን ሲታይ ብልሃቱ ግልጽ ነው። ገዢው ከፍሎ የወሰደውን ሰሌዳ በራሱ ደጅ፣ በራሱ ወጪ፣ ለዓመታት ያቆመዋል። መንገደኛው አንብቦ ይጠይቃል፣ ከጠያቂዎቹም አንዳንዱ ይተክላል፤ የተከለውም ሰሌዳ ይገዛል። ደመወዝ የማይጠይቅ ሻጭ ማለት ይህ ነው።

ጥሩ ሰሌዳ ምን ይላል?

ሁሉም ሰሌዳ ግን አይሸጥም። «ይህ ግቢ ለተፈጥሮ ተስማሚ ነው» የሚለው ባለቤቱን ያወድሳል እንጂ ጎረቤትን አያስተምርም። አንባቢን የሚያቆመው ዓይኑ ያየውን ነገር የሚያስረዳለት ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት በሚያወጣው ሚልክዊድ አጠገብ «የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ የሚበላው ይህንን ብቻ ነው፤ ቅጠሉ የተበሳሳው ታሞ አይደለም» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጎረቤት እንደ ጉድለት የቆጠረው ቀዳዳ የሥራ ማስረጃ ይሆናል። በክረምት የደረቀው አገዳ ለምን እንዳልታጨደ የሚያስረዳም ያስፈልጋል፤ በአገዳው ባዶ ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ የዱር ንቦች አሉና።

ጽሑፉ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሳይቆም ሊያነበው የሚችለው አንድና ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ፊደሉ ከእግረኛው መንገድ መነበብ አለበት። ፀሐይና ዝናብ የማያደበዝዙት ቀለምም ግድ ነው፤ የደበዘዘ ሰሌዳ ግቢው የተረሳ ያስመስላልና ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰሌዳው የተክሉን ሙሉ ስም፣ የሳይንሱን ስም ጨምሮ መያዝ አለበት። ይህ ለአዋቂ መምሰል ሳይሆን ለንግዱ ነው። አንብቦ የወደደው ሰው ወደ ችግኝ መሸጫ ሲሄድ በልማድ ስም ከጠየቀ ሌላ ተክል ሊሸጥለት ይችላል። እኛም ዘንድ «ጽድ» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ የሐበሻውም የፈረንጁም አለ፤ የፈረንጁ ጽድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ሁለቱን ስም ብቻ አይለያቸውም፤ እንጨታቸውም ዕድሜያቸውም ይለያያል።

ፍርድ ቤትና ማኅበር

ቤት ገዢና ደላላ በተለይ ሊያውቁት የሚገባው ክፍል ይህ ነው። በ1994 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚዙሪዋ ላዱ ከተማ በመኖሪያ ቤት ላይ የሚለጠፉ ጽሑፎችን የከለከለችበትን ደንብ ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ ሻረው። ሰው በገዛ ቤቱ ደጅ ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነት አለው ማለት ነው። ሆኖም ይህ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የቤት ባለቤቶች ማኅበርን አይደለም። ማኅበሩ በውል የሚተዳደር የግል አካል በመሆኑ፣ ገዢው በፊርማው የተቀበለው መተዳደሪያ ደንብ ሰሌዳንም የአበባ መደብንም ሊከለክል ይችላል።

ነገሩ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በሜሪላንድ ኮሎምቢያ ታይቷል። አንድ ቤተሰብ በ2017 ግቢውን ወደ ሣር እንዲመልስ ከማኅበሩ ጠበቃ ደብዳቤ ደረሰው። ቤተሰቡ እምቢ ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩ በ2020 መጨረሻ በስምምነት እስኪዘጋ ድረስ ወደ 60 ሺሕ ዶላር ለጠበቃ ወጣ። ግቢው ግን ተረፈ። ከዚህም የተነሣ ሜሪላንድ በ2021 ማኅበራት ለንብና ለቢራቢሮ የተተከለን ወይም የዝናብ ውኃ የሚይዝን አትክልት ያለ በቂ ምክንያት እንዳያግዱ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ከጥቅምት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ አውራጃማ ከዚህም አልፎ፣ የዝናብ ውኃ የሚያሰርግ አትክልት ለሚያለማ ባለቤት ከወጪው የተወሰነውን ይመልሳል።

ይህ ሕግ የሜሪላንድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ የሚገዛ ሰው በዚህ ተማምኖ ሣሩን ከመንቀሉ በፊት የራሱን ማኅበር ደንብ ማንበብ ይኖርበታል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ

የሰሌዳው ትምህርት ወደ መሸጫውም ገብቷል። በሰሜን ቨርጂኒያ ፕላንት ኖቫ ኔቲቭስ የተባለው ዘመቻ በጎ ፈቃደኞች በችግኝ መሸጫዎች እየዞሩ አገር በቀል በሆኑት ተክሎች ላይ ቀይ መለያ ይለጥፋሉ። ገዢው ባለሙያ ሳይጠራ ዓይኑ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ሜሪላንድ በበኩሏ በተቃራኒው መንገድ ሄዳ፣ አንዳንድ ወራሪ ተክሎችን የሚሸጥ ሱቅ ወራሪነታቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያቆምባቸው አስገድዳ ነበር። በራሱ ዕቃ ላይ «ይህ ጎጂ ነው» ብሎ የሚጽፍ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚሸጥ መገመት አያዳግትም።

ጽሑፍ ያልመለሰውን እገዳ ይመልሰዋል። ከቻይና መጥቶ ለውበቱ በየመንገዱ የተተከለውን የካለሪ ፒር ዛፍ ኦሃዮ በ2023፣ ፔንስልቬኒያና ሳውዝ ካሮላይና በ2024 ከሽያጭ አግደዋል። ሕጎቹ የማሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥተው ነበር። ገዢው ወዴት እንዳዘነበለ አስቀድሞ ያየ ነጋዴ ክምችቱን በጊዜ ለወጠ፤ ያላየው በእጁ ላይ ቀረበት።

ጥርጣሬውም አለ

ሰሌዳ ሁሉ እውነት አይናገርም። አብዛኛው የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ባለቤቱ በሞላው ቅጽ ላይ ተመሥርቶ እንጂ መርማሪ ግቢውን አይቶ አይደለም። ክፍያውን ከፍሎ ሰሌዳውን ያቆመ፣ ከኋላው ግን ያው ሣር የተንጣለለበት ግቢ ሊኖር ይችላል። ከዚህም ሌላ አገር በቀል የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የካሊፎርኒያ ተወላጅ ተክል በሜሪላንድ እንግዳ ነው። ችግኙም ተተክሎ ግቢውን እስኪሞላ ሁለትና ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሰሌዳው የሚያስተዋውቀው ባዶ አፈር ሊሆን ይችላል። ያኔ ጽሑፉ «ገና እያደገ ነው» ቢል ይሻላል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ ኢትዮጵያ 6 ሺሕ ያህል የዕፅዋት ዝርያ ያላት፣ ከእነርሱም አሥር በመቶ ገደማው በሌላ ዓለም የማይገኝ አገር ናት። በከተማው መንገድ ዳር በሚሸጠው ችግኝ መካከል ግን ጃካራንዳው ከደቡብ አሜሪካ፣ ግራቪሊያው ከአውስትራሊያ፣ ቡገንቪሉም ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ባሕር ዛፍም በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ገብቶ ለማገዶና ለግንባታ ያገለገለ ባለውለታ እንግዳ ነው። እንግዳ ሁሉ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ጣናን የወረረው እምቦጭም የትውልድ ስፍራው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ለአበባው ውበት ሲባል በሰው እጅ ነው።

ኮሶ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብርብራና ቀጋ የሚሸጥ ነጋዴ በጎማው ወይም በላስቲኩ ላይ የሚያስርባት ቁራጭ ካርቶን ወጪዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስሙን፣ የትኛው ከፍታ እንደሚስማማው፣ ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሰፋና ለምን እንደሚያገለግል ከጻፈባት፣ ገዢው «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት አልፎ «ሁለት ስጠኝ» ወደ ማለት ይሸጋገራል። የተክሉን ዋንዛነት የነገረውን ሻጭ ደግሞ ዛፉ ጥላ በጣለ ቁጥር ያስታውሰዋል፤ ለጎረቤቱም የሚጠቁመው ያንኑ ሻጭ ነው።