ባቡር ወዳዶች ሲገናኙ ምን ያወራሉ?

በእንግሊዝ አገር ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች፣ ተሳፋሪ ከሚጋፋበት ራቅ ብሎ፣ መሳፈሪያው መድረክ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ጥቂት ሰዎች ቆመው ይታያሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘዋል፤ አንዳንዱ ካሜራ አንግቷል፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ የመጣም አይጠፋም። የትም አይሄዱም። ባቡር ሲመጣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ይመዘግቡና ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጨዋታ ነው። በውጭ ለሚያየው ሥራ የፈቱ ሰዎች ወሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ዛሬ በብሪታንያ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር መሳፈር የሚቻለው፣ ተዘግተው የነበሩ መስመሮችም ዳግም የተከፈቱት፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ በሚወዱ ሰዎች ጉልበትና ገንዘብ ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው ብዙውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ይጀመራል፦ «ዛሬ ምን አለፈ?» የሚጠየቀው ሰው ከደብተሩ ቁጥሮች ያነባል፤ የትኛው ባቡር እንደዘገየ፣ የትኛው ያልተጠበቀ ሎኮሞቲቭ የጭነት ፉርጎ እየጎተተ እንዳለፈ ይናገራል። ከዚያ ወሬው ሳይታወቅ ወደ ኑሮ ይዞራል። ጉልበቱን የታከመው እንዴት እንደሆነ፣ ፈተና የነበረባት ልጅ ማለፍ አለማለፏ፣ የቤት ኪራይ፣ የጡረታ አበል፣ የሚስት ሕመም። መሐል ላይ ባቡር ይመጣል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ክበብ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ቅዳሜ ከቀረ፣ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ስልክ የሚደውልለት ሰው አለ። ዓይን አፋር ለሆነ ወይም ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ራስ ማውራት የሚከብደው ሰው ስለ ባቡር እያወራ ስለ ራሱም ይናገራል።

ቁጥር የመመዝገቡ ነገር ወግ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ኢያን አለን የሚባል የሳውዘርን ሬልዌይ ወጣት ሠራተኛ ስለ ሎኮሞቲቮች ከሕዝቡ ለሚመጡ ደብዳቤዎች መልስ መጻፍ ሰልችቶት፣ የኩባንያው ሎኮሞቲቮች ሁሉ በቁጥራቸው የተዘረዘሩበት ትንሽ መጽሐፍ ቢታተም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አለቆቹ አልፈለጉትም። በ1942 በራሱ ወጪ አሳተመውና በአንድ ሽልንግ ሸጠው። መጽሐፉ ወዲያው አለቀ፤ የሌሎቹ ኩባንያዎች ዝርዝርም ተከተለ። ልጆች ያዩትን ሎኮሞቲቭ ቁጥር በመጽሐፉ ላይ ያሰምሩበታል፤ ያልተሰመረበት ቁጥር ሲቀር እሱን ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። በዚህ ጉጉት ልጆቹ ሐዲድ ውስጥ እየገቡ ስላስቸገሩ፣ አለን ወደ ሐዲድ ላለመግባት ቃል የሚገቡበት ክበብ አቋቋመላቸው። ያ ደንብ ዛሬም የእያንዳንዱ ጨዋ ባቡር ወዳድ የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ለፎቶ ብሎ አጥር የዘለለ ሰው በክበቡ ውስጥ አይከበርም።

በወሬያቸው መሐል «አራት፣ ስድስት፣ ሁለት» የሚል ነገር ብትሰሙ የመንኮራኩር ቆጠራ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከፊት ሸክም የሚያግዙ ትናንሽ መንኮራኩሮች፣ ከመሐል እንፋሎቱ የሚያሽከረክራቸው ትልልቆቹ፣ ከኋላ ደግሞ የእሳቱን ሳጥን የሚሸከሙ አሉት። 4-6-2 ማለት ከፊት አራት፣ ከመሐል ስድስት፣ ከኋላ ሁለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሎኮሞቲቩ ለፍጥነት ወይስ ለከባድ ጭነት እንደተሠራ ገና በሩቅ ሲያየው ይገምታል። ትልልቅ መንኮራኩሮች ለፍጥነት፣ ብዙና ትናንሽ መንኮራኩሮች ለጉልበት ናቸው።

የማያልቅ ክርክርም አላቸው። ማላርድ የተባለችው 4-6-2 ሎኮሞቲቭ ሐምሌ 3 ቀን 1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር በመብረር እስከ ዛሬ ያልተሰበረ የእንፋሎት ባቡር ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ይሁንና የሮጠችው ቁልቁለት ላይ ነበር፤ በሩጫውም አንዱ ኩሽኔታዋ ከመጠን በላይ ግሎ ስለነበር መንገዷን ሳትጨርስ ቆማለች። አንድ የጀርመን ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሜዳ ላይ 200 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። ስለዚህ «እውነተኛዋ ፈጣን የትኛዋ ናት?» የሚለው ጥያቄ ሻይ በተጠጣ ቁጥር ይነሣል። እኔ ከማላርድ ወገን ነኝ፤ ክብረ ወሰን በተለካው ነው የሚያዘው።

ሁሉም ባቡር ወዳድ ግን ቁጥር አይጽፍም። ፎቶ የሚያነሳ አለ፤ በእያንዳንዱ መስመር ተሳፍሮ ካርታውን የሚጨርስ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ጣቢያና ዋሻ ያለው ትንሽ ባቡር የሚገነባ አለ፤ የቆዩ የጉዞ ሰሌዳዎችን የሚሰበስብ አለ። በጃፓንም እንደዚሁ ተሳፋሪዎቹና ፎቶ አንሺዎቹ በየራሳቸው ስም የሚታወቁ ወገኖች ናቸው።

ከሁሉም ይበልጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው፣ ባቡሩን ራሳቸው ወደ መንዳት የተሻገሩት ናቸው።

በምዕራብ ዌልስ ታሊሊን የሚባል ጠባብ የባቡር መስመር በ1865 ተከፍቶ ከተራራ የጣሪያ ድንጋይ ያወርድ ነበር። የድንጋዩ ካባ በ1946 ተዘጋ። ባለቤቱ ሄንሪ ሄይደን ጆንስ እኔ በሕይወት እስካለሁ ባቡሩ አይቆምም ብለው ነበርና በ1950 ሲያርፉ መስመሩም ያበቃለት መሰለ። ያን ጊዜ ቶም ሮልት የተባለ ደራሲና መሐንዲስ በበርሚንግሃም ሰዎች ሰብስቦ፣ «ለምን እኛው በነፃ እየሠራን አናስኬደውም?» አለ። በግንቦት 1951 የመጀመሪያው ባቡር በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተንቀሳቀሰ። በዓለም ላይ እንዲህ ባለ መንገድ የዳነ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይኸው ነው። ቶማስ የተባለውን ባለ ፊት ሎኮሞቲቭ ለልጆች የፈጠሩት ቄስ ዊልበርት ኦድሪም እዚያ በበጎ ፈቃድ አገልግለዋል።

ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በመጋቢት 1963 ሪቻርድ ቢቺንግ ያወጡት የመንግሥት ሪፖርት ከ2,300 በላይ ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ እንዲዘጋ መከረ፤ አብዛኛውም ተዘጋ። በነሐሴ 1968 በመደበኛው መስመር የእንፋሎት ባቡር አገልግሎት አበቃ። ባቡር ወዳዶች በየአካባቢያቸው ማኅበር አቋቁመው የተዘጋ መስመር መግዛትና መጠገን የያዙት በእነዚህ ዓመታት ነው።

የእነዚህ መስመሮች ሕይወት ያለው ሠራተኞቹ ሻይ በሚጠጡባት ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፣ ዕድሜ ልኩን ባቡር የነዳ አዛውንት በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ልክ እንደ ቡና ጎረቤት፣ ወሬው ከማን ቤት እንደተጀመረ አይታወቅም። የጀርባ ሕመም፣ የአትክልት ቦታ፣ የልጅ ሠርግ፣ ከዚያ በድንገት ቦይለር። ባቡሩን የማስኬድ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም በዚሁ ወሬ መሐል ነው። የደንብ መጽሐፍ አላቸው፤ ፈተናም አለ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ብዙ ነው።

ለምሳሌ እሳቱ። ውሃው የሚፈላበት ቦይለር ከቀዘቀዘ በችኮላ አይሞቅም። ብረቱ እኩል ካልሞቀ አንዱ ጎን ሲለጠጥ ሌላው ስለሚቀር፣ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ እሳት የሚያነድደው ሰው ተሳፋሪ ከመምጣቱ ብዙ ሰዓት ቀድሞ፣ ሌሊት ተነስቶ፣ በእንጨትና ዘይት በነካው ጨርቅ ለኩሶ ቀስ በቀስ የድንጋይ ከሰል ይጨምራል። ከሁሉ የሚፈራው የውሃ ማነስ ነው። ውሃው ከእሳት ሳጥኑ ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ በእሳት ይለሰልስና ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ ነው የውሃውን ከፍታ የሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ዓይን የማይነቀልበት። ቱቦውም ካልተሳካለት በጣሪያው ላይ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ቡሽ ተሰክቷል፤ ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ይቀልጥና እንፋሎት ወደ እሳቱ እየፈሰሰ ሠራተኞቹን ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ ይጻፋል። ግን ውሃ ወደ ቦይለሩ የሚገፋው መሣሪያ በትክክል ሲሠራ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው፣ የትኛው ዳገት ላይ እሳቱ ቀድሞ መድመቅ እንዳለበት፣ በመጸው የወደቀ ቅጠል ሐዲዱን ሲያሟልጥ አሸዋው የት ላይ እንደሚለቀቅ፣ ይህ የሚገኘው አጠገቡ ተቀምጦ ከሚሰማው አዛውንት ነው። ተማሪው ሎኮሞቲቭ በመወልወል ይጀምራል፤ ከዓመታት በኋላ ከሰል ጨማሪ ይሆናል፤ ነጂ ለመሆን ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት።

ቁርሳቸውን በአካፋ ይጠብሳሉ። ከሰል የሚጫርበትን አካፋ በፈላ ውሃ አጥበው፣ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ አስቀምጠውበት ወደ እሳቱ በር ያስገባሉ። የቆዩ ሠራተኞች ልማድ ነው፤ አዲስ የመጣ ልጅ ያን ቁርስ ሲካፈል ቤተኛ ይሆናል።

ወሬ ወደ ሥራ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው በደቡብ ዌልስ ባሪ ከተማ የሆነው ነው። ዴይ ውድሃም የተባሉ የቁራጭ ብረት ነጋዴ ከመንግሥት የገዟቸውን አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከመቁረጥ ይልቅ፣ ለመቁረጥ የሚቀልሉትን አሮጌ ፉርጎዎች አስቀደሙ። ሎኮሞቲቮቹ ለዓመታት በባሕር አየር እየዛጉ ቆሙ። ባቡር ወዳዶች በየጨዋታቸው የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው ምን እንደጎደለው እየተነጋገሩ፣ ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ ገዟቸው፤ 213 ከዚያ ግቢ በሕይወት ወጡ። በበርካታ መስመሮች ዋናውን ሥራ ዛሬም የሚሠሩት እነዚያ ሎኮሞቲቮች ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ይገርማል። ኤ-ዋን የሚባሉት 49 ሎኮሞቲቮች በሙሉ ተቆርጠው አልቀው ነበር። በ1990 ጥቂት ሰዎች «ካልቀረልን አዲስ እንሥራ» ተባባሉ። እያንዳንዱ ደጋፊ በሳምንት የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ እንዲያዋጣ ተጠየቀ። በ2008 ቶርኔዶ የተባለችው አዲስ ሎኮሞቲቭ በዳርሊንግተን ተሠርታ አለቀች፤ ወጪዋ ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ቦይለሯ ከጀርመን መጣ። ቁጥሯ 60163 ነው። ከቀድሞዎቹ የመጨረሻዋ 60162 ነበረችና፣ ሰዎቹ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተቋረጠውን ተራ ሳያፈርሱ ቀጠሉት። በመድረክ ጫፍ ደብተር ይዞ የቆመ ልጅ ብቻ የሚያስበው ነገር ነው።

ሰሞኑን በሻይ ክፍሎቹ የሚነሣው ጭንቀት ከሰል ነው። የብሪታንያ የከሰል ማውጫዎች ስለተዘጉ፣ መስመሮቹ ከሌላ አገር በሚመጣና በሚወደድ ከሰል ላይ ወድቀዋል። ተጨማሪው ጭንቀት የአዛውንቶቹ ዕድሜ ነው።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በኤርትራ ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በነፃነቱ ጦርነት ፈርሶ፣ ሐዲዱም ለምሽግ ተነቅሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ መልሰው የዘረጉት በዋናነት ጡረታ ወጥተው የነበሩ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ የጣሊያን ዘመን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችና ሊቶሪና የሚባሉት ባለ ሞተር ፉርጎዎች እንዴት እንደሚጠገኑ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩ። ሥራው እንዳለቀ የአውሮፓ ባቡር ወዳዶች ባቡር እየተከራዩ ለመሳፈርና ፎቶ ለማንሳት ይጎርፉ ጀመር። የቋንቋ ችግር ቢኖርም ሽማግሌው ነጂና እንግሊዛዊው እንግዳ በመንኮራኩርና በቦይለር ይግባቡ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የባቡር ወሬ ከሁሉ በላይ የድሬዳዋ ሀብት ነው። ከተማዋ የተወለደችው ሐዲዱ በ1902 ሲደርስላት ነው፤ አዲስ አበባ ለገሃር የደረሰው በ1917 ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አሮጌው ባቡር አዲሱ ሐዲድ ላይ፣ አዲሱም አሮጌው ላይ ሊሄድ አይችልም። የአሮጌው መስመር ዕውቀት ወደ አዲሱ በቀጥታ አይዛወርም ማለት ነው። ያለው በጡረተኞቹ ዘንድ ነው፤ በአባትና በአያታቸው ሥራ ያደጉ ልጆችም ጥቂቱን ይዘውታል።

እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ማነጋገር ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ባቡሩ እንዴት ነበር?» ብቻ ቢባሉ «ጥሩ ነበር» ብለው ያልፉታል። የሚያወሩት ዝርዝር ነገር ሲጠየቁ ነው። አዋሽ ድልድይ ከመድረሱ በፊት ፍሬን የሚያዘው የት ላይ ነበር? በዝናብ ጊዜ ሐዲዱን ጎርፍ የሚበላው የትኛው ስፍራ ላይ ነው? ሌሊት መንገድ ላይ ሲቆሙ ምን ይበሉ ነበር? የመለዋወጫ ዕቃ ሲጠፋ በምን ይተኩት ነበር? የስልካችሁን የድምፅ መቅጃ አስፈቅዳችሁ ክፈቱ፤ የጣቢያዎቹን ስም በቅደም ተከተል ያስቆጥሯችሁ፤ ፎቶ ካላቸው በጀርባው ላይ ማን ማን እንደሆነ በእርሳስ ጻፉ።