ኮርኒሱ ሳይደርቅ ሽማግሌ ተቀጠረ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ኮርኒሱን አንጋጣችሁ ካያችሁት ስንት ጊዜ ሆነው? ግድግዳውን ታያላችሁ፣ ሶፋውን ታያላችሁ፣ የጎረቤትን የቴሌቪዥን ስፋት ሳይቀር ታያላችሁ። ኮርኒስን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም… እሱ ራሱ ወርዶ ካላያችሁ በስተቀር! የእኛ ቤት ኮርኒስ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ወርዶ አይቶናል። ያውም ሽማግሌዎች ፊት! ያውም ታናሽ እህቴ ልትጠየቅ በተቀጠረበት ቀን! ጥፋቱ ደግሞ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። ስለ ልስንና ስለ ቀለም የምጽፍላችሁ ሙያው ኖሮኝ ሳይሆን ጥፋቱ ስላለብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዷ ናት። ዕጣ ወጥቶላት ጀሞ ላይ ቤት ስታገኝ እልል ተባለ እንጂ አልገባንበትም። አከራየነው። የባንኩን ዕዳ የሚከፍለው ኪራዩ ነበርና እኛ ሳሪስ አቦ አካባቢ ከተከራየናት ጭቃ ቤት ንቅንቅ አላልንም። ሰው «ባለ ኮንዶሚኒየም» ይለናል፣ እኛ ከሰው ግቢ ውስጥ በወረፋ ውሃ እንቀዳለን።

የዚያች ጭቃ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። ለማታውቁት የጂፕሰም ዘመን ልጆች ልንገራችሁ። አቡጀዲው ተሰፍቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይወጠርና በሚስማር ይመታል። የዱቄት ሙጫ ከጠጣ በኋላ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኖራ ይቀባል። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ካርታ ይሠራል። እኔና እህቴ ማታ ማታ ተንጋለን «ይቺ ጣሊያን፣ ያቺ ሶማሊያ» እያልን ጂኦግራፊ የተማርነው እሱ ላይ ነው። አይጥ ሲሮጥበት ኮቴው ይቆጠራል። እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ኖራ ታስቀባዋለች፣ በማግስቱ ይደርቃል፣ በቃ። ጨርቅ ነዋ! እንግዲህ እኔ በዚህ ያደግኩ ሰው ኮርኒስ ማለት ዛሬ ተቀብቶ ነገ የሚደርቅ ነገር ቢመስለኝ ይፈረድብኛል?

ባለፈው ዓመት ዕዳው አለቀ። ተከራዮቹ ወጡና ገብተን ብናይ የሳሎኑ ኮርኒስ ግማሹ አብጧል። ከላይ ካለው ቤት ሻወር ለስንት ዘመን ሲንጠባጠብበት እንደኖረ እግዜር ይወቅ። የላይኞቹ ቧንቧቸውን አሠሩ (ያለ ጠብ እንዳይመስላችሁ፣ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን)። ከዚያ ልስንም ቀለምም የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ አንድ ባለሙያ ተጠሩ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋሼ እንበላቸው።

ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው በመዶሻ እጀታ ኮርኒሱን ቀስ እያሉ ያንኳኩት ጀመር። ደህናው ቦታ «ጧ» ይላል፣ የለቀቀው «ዱብ፣ ዱብ»።

«ከበሮ የሚመስለው ሁሉ መውረድ አለበት» አሉ። «ግድግዳ ላይ ቢሆን ልስኑ የሚደገፍበት አለው። ይሄ ግን ሶሌታው ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። የላላውን ብንተወው አንድ ቀን እናትህ ራስ ላይ ነው።»

አወረዱት። ሶሌታውን ጠርገው ውሃ አጠጡት፣ አሸዋና ሲሚንቶውን መጀመሪያ ረጩት፣ ቀጥለው ለሰኑት፣ መጨረሻ ላይ በስሱ ወለወሉት። ለተወሰኑ ቀናትም ጠዋትና ማታ ውሃ ረጩበት። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል አሉ። ከዚያ መሰላላቸውን አጠፉና «በል ልጄ፣ አሁን ተወው። ሃያ ስምንት ቀን ሳይሞላው ቀለም እንዳይነካው» ብለውኝ ሄዱ።

ሃያ ስምንት ቀን! ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፍልሰታ እንደተፈታ ባለው እሁድ ሊመጡ ተቀጥረዋል። የቀረን አሥራ ሁለት ቀን ነው።

እናቴ ነገሩ አላስጨነቃትም። ለቀለሙና ለእጅ ዋጋው የሚሆነውን ብር ከዕቁቧ አውጥታ ሰጠችኝና «ጋሼን ጠይቃቸው። ከሆነ ይሁን፣ ካልሆነም በልስኑ እንቀበላቸዋለን። የሚመጡት ልጅ ሊጠይቁ እንጂ ጣራ ሊያዩ አይደለም» አለችኝ።

አልጠየቅኳቸውም። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጉዱ። የሰፈር ልጅ አንድ ቀለም ቀቢ አለ፣ ጎበዝ ተናጋሪ። «በአንድ ቀን እጨርስልሃለሁ፣ ከሌላ ሥራ የተረፈ የዘይት ቀለም አለኝ፣ እንደ መስታወት ያበራል፣ ይታጠባል» አለኝ። ዋጋው ከጋሼ ጋር ሲነጻጸር አራት ሺህ ብር ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ለሞባይል የተበደርኩት አራት ሺህ ብር ነበረብኝ። ሒሳቡ ራሱ መጥቶ እጄ ላይ ቁጭ አለ። ለእናቴ «ጋሼ ይቻላል ብለዋል፣ ግን ሥራ ስለበዛባቸው ልጅ ልከዋል» አልኳት። ዋሸሁ። እህቴ አጠገባችን ቆማ ስትሰማ ነበር።

እውነት ለመናገር፣ ተቀብቶ ያለቀ ዕለት ያምር ነበር። እናቴ ገብታ አየችውና አለቀሰች። በዚያ እንባ ምክንያት ነው ይሄን ታሪክ እስካሁን በደንብ ማውራት የማልችለው።

እሁድ ደረሰ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ አዲሱ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ማዕድ ቤት ወጡ ይንተከተካል፣ ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል። ቤቱ እንፋሎት ብቻ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ አራት ነበሩ። እንደ ወጉ ቆመው ጀመሩ፣ «ተቀመጡ» ተባሉ፣ ተቀመጡ። አጎቴ ፊታቸው ኮስተር ብሎ ያዳምጣል። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ ወደ ላይ ሳይ… ከመሀል አምፖሉ አጠገብ ጉብ ጉብ ያለ ነገር። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ተያያዘ። ከዚያ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ እየተወዛወዘ ወረደና ትልቁ ሽማግሌ ነጭ ጋቢ ላይ አረፈ።

ፀጥ!

ሽማግሌው በሁለት ጣታቸው አነሱት፣ ገለበጡት። ጀርባው እርጥብ ነው። ወደ ላይ አዩ። «ቤቱም የሚናገረው አለ መሰለኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች፣ ግን ፊቷ በርበሬ መስሏል። እህቴ ከማዕድ ቤት በር ላይ ያየችኝን አስተያየት በዚህ ጋዜጣ መግለጽ አልችልም።

ከሳምንቱ አጋማሽ ላይ ጋሼ እናቴን ሰላም ሊሏት ጎራ ሲሉ ውሸቴ ወጣ። አልጮኹብኝም። የተላጠውን ዳሰሱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ሳሙና በምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«በዘይትና በኮስቲክ። አዲስ ሲሚንቶ ውስጥም እንደ ኮስቲክ የሚበላ ነገር አለ፣ እጄን እየው እስቲ። ዘይት ቀለም ስትቀባበት ሳሙና ይሠራልሃል። ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ ወዴት ይውጣ? በናይለን ዘግተህበት!»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ በኬሚስትሪ ያገኘሁትን ውጤት እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ይቺ የጋሼ ኬሚስትሪ ግን ገባችኝ።

ደግነቱ አጎቴ በዚያ እሁድ ወጉን ጠብቆ ነበር። «ከዘመድ ጋር እንምከርበት፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ተመለሱ» ብሎ ሰደዳቸው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ወደ አርባ ቀን ይሆናል። እጮኞቹ ተከፉ። እኔ ግን ሽማግሌን በቀጠሮ መመለስ የሚባለውን ባህል የፈጠረው ሰው ለሳኝ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አመሰገንኩት።

በማግስቱ መፋቅ ጀመርኩ። ብቻዬን! በስፓቱላ፣ አንገቴ ተቆልምሞ። እህቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሻሽዋን አስራ መጣችና ሌላኛውን ስፓቱላ አነሳች። «አራት ሺህ ብር ነው ዋጋዬ?» አለች፣ ወደኔ ሳታይ። ምን ትመልሳላችሁ? እኔም አልመለስኩም። አብረን ፋቅን።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የምትፍቁት የቆየ የዘይት ቀለም ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። አገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ብዙ ቤት አለ፣ አቧራው ደግሞ ለሕፃናት መርዝ ነው። ውሃ እያርከፈከፋችሁ ፋቁት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከተተከለው ሽቦ አልባ ጣቢያ ነው ይባላል፣ ንፋስ ስልክ! ስልኩን እንጃ፣ ንፋሱ ግን ጀሞ ላይ ሞልቷል፣ እኛ ነን መስኮት ዘግተን የምንከለክለው። ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር መስኮቱን ወለል አድርገን ከፈትን። ጎረቤት «ከሰል አቀጣጥላችሁ አስገቡበት፣ በሁለት ቀን ይደርቃል» ብሎ መክሮን ነበር። እንዳታደርጉት! ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ከሱ የሚብሰው ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

እርጥብ ልስን ጠቆር ያለ ግራጫ ነው፣ ሲደርቅ ይነጣል። መሀሉ ቀድሞ ይነጣል፣ ማዕዘኖቹ ያታልሏችኋል። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ይቺ ናት። የሚያሳይ ፌስታል ቆርጣችሁ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ለጥፉበትና አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት አሳድሩት። ከውስጡ ላብ ካላበ ገና ነው። የእኛ ማዕዘን ሁለቴ አላበ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርቅ እህቴ ነበረች መሰላሉ ላይ። «ደረቀ!» ብላ የጮኸችው ለኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ደህና ቃል ነው።

የወጣ ነጭ ጨው ነበረው። እሱን በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባና እንደገና ይወጣል፣ በደረቅ ብሩሽ ነው የሚጠረገው። ጭረቶቹን በስቱኮ ደፈንን፣ ማታ የእጅ ባትሪ በአግድም እያበራን ጉድለቱን ፈለግን (ቀን የማይታይ ጉብታ ሁሉ ጥላ ይጥላል)፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሳለስነው፣ አቧራውን ጠረግን።

ቀለሙ ደግሞ የውሃ ቀለም፣ የማያበራው። የሚያበራ ቀለም ኮርኒስ ላይ እንከኑን ሁሉ አጋልጦ ያሳያል። ባለቀለሞች የሚሳሳቱት የመጀመሪያው ቅብ ላይ ነው። ደረቅ ልስን ውሃ ይጠማዋል፣ ወፍራም ቀለም ስትሰጡት ውሃውን መጦ ቀለሙን ላዩ ላይ ይተወዋል፣ ኋላም ይላጣል። ስለዚህ ጋሼ ለሦስት እጅ ቀለም አንድ እጅ ውሃ ጨመሩበት (ጣሳው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን ተከተሉ)። ኮላ በውሃ በጥብጠው መጀመሪያ የሚቀቡ አሉ፣ ጋሼ እሱንም አይወዱትም፣ ቀለሙ ልስኑን እንዳይዝ ይከለክላል ይላሉ። ስሱ ቅብ ከደረቀ በኋላ ሁለት ጊዜ እንደ ልኩ ተቀባ። ጠርዙ በብሩሽ፣ መሀሉ በሮለር፣ ከመስኮቱ በኩል ተጀምሮ፣ ጫፉ ሳይደርቅ እየተያያዘ። በየመሀሉ ሻይ አይጠጣም! ከጠጣችሁ የቆማችሁበት መስመር ለዘላለም ይታያል። የእኛ ላይ አንድ አለ፣ ከበሩ በላይ። ስልክ ተደውሎልኝ ነው።

አራት ሺሁን ለእናቴ በየወሩ እየከፈልኩ ነው፣ አንድ ሺህ ይቀረኛል።

ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዝናብ የለም፣ መስኮቱ ተከፍቷል። «ተቀመጡ» ሲባሉ ሦስቱ ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ አንጋጠው ከጥግ እስከ ጥግ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ በሩ ሳብ አድርገው ቁጭ አሉ።