አሮጌውን ኤሌክትሪክ ጊታር ለልጃችን ማደስ፦ ከቀለሙ በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች



በብዙ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ውስጥ ቀለሙ የተላጠ፣ ክሩ የዛገ አንድ አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር አይጠፋም። በአንድ ወቅት መዘምራን ያገለገሉበት ነው፤ ኪቦርድ ሲመጣ ግን ጥግ ያዘ። በሌላ በኩል መዝሙር በሰማ ቁጥር መጥረጊያ ይዞ ጊታር የሚመታ ልጅ በየቤታችን አለ። እንደ ጫግኒ ባለ ከተማ ለሚኖር ወላጅ አዲስ ጊታር ከሩቅ የሚመጣ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ዕቃ ነው። ስለዚህ አሮጌውን አድሶ ለልጅ መስጠት መልካም ሐሳብ ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ሥራውን ከቀለሙ መጀመራችን ነው። ቀለም ግን የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከእርሱ በፊት የልጁን ጣት፣ የልጁን ሳንባና የልጁን ሕይወት የሚመለከቱ ነገሮች አሉ።

ጊታሩ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስቀድማችሁ ሽማግሌዎችን ጠይቁ።

1. ጊታሩ ለልጁ ይሆናል ወይ?

የኤሌክትሪክ ጊታር ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ይህን ቆሞ አይችለውም፤ ተቀምጦ ይለማመድ ወይም ጥቂት ይደግ። ቀጥሎ አንገቱን በርዝመቱ አሻግራችሁ ተመልከቱ። የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ምንም ያህል ቢቀባ አይረዳም። ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ ከሆነም ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣቱ ቆስሎ ይተወዋል። በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። ክሩም ቀጭኑ፣ 9 ቁጥር የሚባለው ይሁን።

2. መፍታት

ክሮቹን ቀስ በቀስ አላሉ፤ በአንድ ጊዜ አትቁረጧቸው። ሽቦዎቹን ከመንካታችሁ በፊት በሞባይል ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየቦታቸው ለይታችሁ በትንንሽ ፌስታል አስቀምጡ፤ ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት። ከድልድዩ (ብሪጅ) ሥር የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ እንዳትበጥሱ ተጠንቀቁ፤ ክሮቹን ከመሬት መስመር ጋር የምታገናኘው እርሷ ናት።

3. አሮጌውን ቀለም ማንሳት

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የድሮ ቀለሞች እርሳስ (ሊድ) የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዙ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን እንደሌለ ይናገራል፤ የልጅን አእምሮ ይጎዳልና። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ገድቧል፤ የእናንተ ጊታር ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አሮጌው ቀለም አጥብቆ የያዘ ከሆነ እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አያስፈልግም። 320 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ ላዩን ብቻ አሻክሩት፤ እርጥበቱ አቧራው እንዳይነሣ ያደርጋል። ውሃ ግን በተላጠው እንጨትና በብሎን ቀዳዳዎች እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ይህን ሥራ አዋቂ ብቻ፣ ልጁ በሌለበት፣ ከቤት ውጭ ይሥራው፤ ጭቃውም በጨርቅ ተጠርጎ ይጣል። የተቦረቦረውን በስቱኮ ሙሉት። አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ግን አትፋቁ፣ ቀለምም አታወፍሩበት፤ ልኩ ከተለወጠ አንገቱ በትክክል አይገጥምም።

4. ቀለሙ

ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ጊታሮቹን ይቀባ የነበረው ለመኪና በተሠሩ የዱፖንት ቀለሞች ነበር። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ባለሙያ የእናንተንም ጊታር መቀባት ይችላል። ሁለት ነገር ግን ጠይቁት። አንደኛ፣ ማጠንከሪያ (ሃርድነር) የሚጨመርበት ቀለም ከሆነ ጭሱ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ተራ የአፍ ጭንብል አይከላከለውም፤ ልጅም ከአካባቢው ይራቅ። ሁለተኛ፣ ናይትሮ ከሆነ በቲነር ስለሚቀጥን ከሥሩ ያለውን አሮጌ ቀለም ሊያኮማትረው ይችላልና በማይታይ ቦታ አስቀድሞ ይሞክረው።

ወቅቱንም ምረጡ። ጫግኒ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቧ ብዙ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ናይትሮ ሲደርቅ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይለብሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል፤ አቧራ እንዳያርፍበት ግን ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ ይቀባ። አንድ ወፍራም ሳይሆን ብዙ ስስ ቅብ ይሁን። ናይትሮ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም እስኪጠነክር ሦስትና አራት ሳምንት ይፈልጋል። ልጁ «ዛሬ ደረሰ?» እያለ ሲጠይቅ መጠበቅን የሚማረው ያኔ ነው።

5. ኤሌክትሪኩ

ጊታሩ ራሱ የሚያመነጨው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። አደጋው ያለው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው። ክሮቹ በገመዱ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተገናኙ ስለሆኑ፣ የመሬት መስመር (ኧርዝ) በሌለው ሶኬት ላይ የተሰካ የተበላሸ አምፕሊፋየር ጊታር ይዞ ማይክ የነካን ሰው ሊገድል ይችላል። ልጃችሁን መድረክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት የቤትና የቤተ ክርስቲያን ሶኬቶች በባለሙያ ይታዩ። ሦስተኛውን የፕላግ እግር መቁረጥ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ከልጁ ጋር መሥራት

የሙዚቃውን ዓይነት ለጊዜው እንተወውና፣ ኩዊን በተባለው የእንግሊዝ ባንድ የታወቀው ብራያን ሜይ ጊታሩን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ነበር። የጊታሩ አንገት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት፣ ስፕሪንጎቹ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የመጡ ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ልጁም አርጅቶ እስከ ዛሬ ያንኑ ጊታር ይጫወታል። አባት ለልጁ የሰጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ጊዜውን ነበር።

እኛስ? ብሎን ማጽዳት፣ ቀለም መምረጥ፣ በመጨረሻ በጨርቅ መወልወልና ክር መግጠም የልጁ ድርሻ ይሁን። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን ለእጅ ሥራ በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን፤ የእጅ ሥራም በእርሱ ፊት ክብር አለው ማለት ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 16 ደግሞ ነቢዩ የእሴይን ልጆች በቁመናቸው ሊመዝን ሲል እግዚአብሔር እንዴት እንዳረመው እናውቃለን። ልጃችን ከሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር የተስተካከለ አንገትና የተጠበቀ ሽቦ እንዳለ ካየ፣ አገልግሎትም መድረክ ላይ ከመውጣት በፊት በማይታይ ቦታ እንደሚዘጋጅ ለማስረዳት አንቸገርም። ጊታሩ ሲያልቅም ልጁን ወዲያው ለመድረክ አትቸኩሉበት፤ በቤት ጸሎት ጊዜ አንድ መዝሙር ይምታላችሁ።

ጌታ ልጆቻችንንና የእጆቻችንን ሥራ ይባርክ። አሜን።