ያውቁ ኖሯል? ጊትሃብና ጂራ በአንዲት መለያ ይገናኛሉ

• ጂራ የአውስትራሊያው አትላሲያን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥራና የስህተት መከታተያ ነው። የኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ደግሞ በ2008 ሥራ ጀመረ።

• አስተዳዳሪው ሁለቱን የሚያገናኘውን መተግበሪያ አንዴ ከጫነ፣ የቀረው የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው። ጂራ ላይ እያንዳንዱ ሥራ እንደ «ኤቢሲ-45» ያለ መለያ አለው። ይህ መለያ በኮሚት መልእክት ውስጥ ከተጻፈ የኮዱ ለውጥ ከዚያው ሥራ ሥር ይታያል። ከወራት በኋላ «ይህ መስመር ለምን ተቀየረ?» የሚል ባልደረባ ማንንም ሳያስቸግር ምክንያቱን ያገኛል።

• ጊትሃብ የራሱም መከታተያ አለው። የፑል ሪኩዌስት መግለጫ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፊክስስ #12» ብለው ቢጽፉ፣ ለውጡ ወደ ዋናው ብራንች ሲቀላቀል ቁጥር 12 ኢሹ በራሱ ይዘጋል። ፑል ሪኩዌስቱ ወደ ሌላ ብራንች የሚሄድ ከሆነ ግን ኢሹው ክፍት ሆኖ ይቆያል።

• ልብ ይበሉ፦ በኮሚት መልእክት ውስጥ በሚጻፍ ትእዛዝ ጂራ ላይ አስተያየት ለማስፈር ወይም የሥራ ሰዓት ለማስመዝገብ፣ ጊት ላይ ያስገቡት ኢሜይል ከጂራ አካውንትዎ ኢሜይል ጋር አንድ መሆን አለበት። ትእዛዙ ካልሠራልዎ በቅድሚያ ይህንን ያረጋግጡ።