የመንዝ በግ በክረምት

መንዝ በሰሜን ሸዋ ያለ ብርዳም ደጋ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ በብዙ ስፍራ ከ2800 ሜትር ይበልጣል። በጉ ግን ክረምቱን ሁሉ በመስክ ይውላል። ጠጉሩ ድርብ ነውና፥ የውጭው ሻካራ ጠጉር ዝናሙን ያወርዳል፥ የውስጡም ለስላሳ ጠጉር ሙቀቱን ይይዛል። ባለአገሩም ይህን ጠጉር ሸልቶ ባና ያሠራበታል።

ስለዚህ በግን አብዝቶ የሚጐዳው ብርዱ ሳይሆን ረኃብና ጭቃ ነው። የበላው ሣር በሆዱ ሲብላላ ያሞቀዋል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ በግ እሳቱ እንደ ጠፋ ቤት ነው። አስተዋይ ባለቤት በኅዳር ካጨደው ድርቆሽ ለክረምት ያስተርፍለታል።

በረግረግ ዳር ያለው ሣር ለምለም ቢመስልም ክፉ ነው። በዚያ ከምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የወጣ ረቂቅ ትል በሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ሣሩን ሲበላ ትሉ ወደ ጉበቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ በጉ ይከሳል፥ ከመንጋጋው በታችም ያብጣል። በሞተም ጊዜ ሰዎች በከንቱ «ብርድ ገደለው» ይላሉ።

በጭቃ ቆሞ የሚያድር በግ ሰኮናው ይለሰልስና በጣቶቹ መካከል ይቈስላል። እረኛውም ማታ በጎቹን ሲቈጥር እግራቸውን ይመለከታል፤ የሚያነክሰውን ለይቶ በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ያሳድረዋል።

በዝናም ቀን የተወለደ ግልገል ግን ጠጉሩ እርጥብ ነው፤ ቶሎ ካልደረቀና እንገር ካልጠባ ይሞታል። እረኛውም በገሳው ሥር አቅፎ ወደ ቤት ይወስደዋል፤ እናቲቱም እየጮኸች ትከተለዋለች።