ጥለቱ ይቆይ፣ ዋጋው ይስተካከል

የሀበሻ ልብስ ሥራ ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች ስለ ዕቅዳቸው ብትጠይቋቸው ዝግጁ መልስ አላቸው። ለመስቀል ያልሄደውን ጥለት ለገና ትተውታል፤ ከነጠላ ወደ ቀሚስ ገብተዋል፤ የወንድ ሸሚዝ ሞክረው ጥለውታል፤ ከሱቅ ወጥተው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ይሸጣሉ። ሲጀምሩ የቆረጡትን ዋጋ የነኩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጥለት መለዋወጥ ደስ ይላል፣ ማንንም አያስቀይምም። ዋጋ መጨመር ደግሞ የምታውቀውን ደንበኛ ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ዕቅዱ የሚስተካከለው በቀለለው በኩል ብቻ ይሆናል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለሒሳብ እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የሽሮ ሜዳን የዛሬ ገበያ አያሳዩም። አንዲት ጀማሪ ለአንድ ቀሚስ ለድርና ማግ 900 ብር፣ ለጥለት ክር 500 ብር፣ ለሸማኔው የእጅ ዋጋ 1,800 ብር፣ ለስፌት 500 ብር ታወጣለች። ድምሩ 3,700 ብር ነው። በ4,500 ብር ትሸጥና 800 ብር አተረፍኩ ትላለች። አላተረፈችም። ክር ስትመርጥ መርካቶ የዋለችበት፣ ሸማኔው ጋ የተመላለሰችበት፣ ልክ የወሰደችበት፣ ፎቶ ያነሳችበት፣ «እባክሽ ትንሽ ቀንሺልኝ» ከምትል ደንበኛ ጋር የተከራከረችበት ጊዜ ወጪው ውስጥ የለም። ይህ ሁሉ ሁለት የሥራ ቀን ቢፈጅና ሥራውን በቀን 500 ብር ለሌላ ሰው ብታሠራው፣ በእያንዳንዱ ቀሚስ 200 ብር ትከስራለች። ኪሳራው የማይታያት ከራሷ ጉልበት ላይ ስለሚከፈል ነው። ትዕዛዝ በዝቶ ረዳት የቀጠረች ዕለት ይታያታል፤ ያን ጊዜም ጥፋቱን የምትጥለው ረዳቷ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ክሩ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ዋጋ የሚያወጣው ክሩን በገዛበት ሒሳብ ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ጥጡ የአገር ቤት ቢሆንም ባለቀለሙና አብረቅራቂው የጥለት ክር በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። በምሳሌያችን የ1,400 ብሩ ክር 30 በመቶ ቢጨምር 420 ብር ይጨምራል። 800 ብር ትርፍ ከተባለው ላይ ከግማሽ በላዩ የሚቀጥለውን ቀሚስ ክር ለመግዛት ሄደ ማለት ነው። የቆርቆሮና የሲሚንቶ ነጋዴ ይህን ያውቃል፤ «አሁን ስንት ገባ?» ሳይል መጋዘኑን አይከፍትም። የእጅ ባለሙያ ግን እንዲህ ማለት ስግብግብነት ይመስለውና ያፍራል። በማሽን የተመረተው የሀበሻ ልብስ አስመሳይ ጨርቅ ገበያውን መሙላቱም ዋጋ ለመጨመር ያስፈራዋል። ከማሽን ጋር በዋጋ ልወዳደር ያለ ሸማኔ ግን መጨረሻው ይታወቃል።

ከዋጋው ቀጥሎ መነካት ያለበት የገንዘቡ መምጫና መሄጃ ጊዜ ነው። ያየኋቸው ዕቅዶች የዓመቱን ሽያጭ ለ12 ያካፍላሉ (ጳጉሜን ማንም አይቆጥራትም)። የሀበሻ ልብስ ገበያ በወር አይሄድም። ዓመቱን የሚሸከሙት እንቁጣጣሽና መስቀል፣ ገናና ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ ፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ ናቸው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ አይደገስም፤ ለፋሲካ የሚለበሰው ግን የሚሸመነው ያኔ ነው። ገንዘብ ሳይገባ ይወጣል። ክረምቱ ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋና ከሐምሌ ጀምሮ የግብሩና የፈቃድ እድሳቱ ነገር ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ የሚሆነው ክር የሚገዛውም በዚያው ሰሞን ነው፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይከተላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገበያው በዝናብ በቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። በሚያዝያ ጥሩ ሸጠው በነሐሴ የሚዘጉ ሱቆች ምሥጢራቸው ከዚህ አይርቅም።

ሸማኔውም የራሱ የዓመት አቆጣጠር አለው። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ናቸው። መስቀል በጋሞ የዓመቱ ትልቅ በዓል ስለሆነ የዶርዜና የጨንቻ ልጅ የቻለውን ያህል ይዞ አገሩ ይገባል። በመስቀል ሰሞን አስቸኳይ ትዕዛዝ የተቀበለች ጀማሪ ሸማኔዋን ስትፈልግ ማጉም መወርወሪያውም ተሰብስቦ፣ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች። ይህን ዕቅዷ ላይ አስቀድማ የጻፈች እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ለዚህ ሁሉ ብድር ከመፈለግ በፊት ቀብድ አለ። ሸማኔው ሥራ ሳይጀምር ቀብድ ይጠይቃል፣ ያገኛልም። ጀማሪዋ ግን ከደንበኛዋ ለመጠየቅ ትሽኮረመማለች። ለሸማኔ ቀብድ ሰጥታ ከደንበኛ የማትቀበል ሰው ለደንበኛዋ ያለ ወለድ እያበደረች ነው። ከ4,500 ብሩ ግማሹን ቀድማ ብትቀበል 1,400 ብር ክር ገዝታ 850 ብር ለሸማኔው ቀብድ ይተርፋታል፤ የራሷን ገንዘብ ገና አልነካችም። ዕቁብም በዚሁ ዓይን ይታይ። ሳምንታዊ ዕቁብ በየቀኑ ለሚሸጥ ባለሱቅ ጥሩ ነው፤ ሽያጩ በበዓል ለሚመጣ ሰው ግን በጾሙ መካከል የሚያስጨንቅ ዕዳ ይሆናል። ወደ ወር ዕቁብ መዛወር፣ ከተቻለም ዕጣውን ለሐምሌ መለዋወጥ ያዋጣል።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖች እልካለሁ ብላችሁ ያቀዳችሁም ካላችሁ አንድ ነገር ተቀይሯል። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረውን ሥርዓት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ አንስታለች። ዋሽንግተን ላለች ሙሽራ ቀሚስ ስትልኩ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሳትነጋገሩ ቀብድ አትቀበሉ።

ጥለቱስ መቼ ይቀየር? ቢያንስ ሁለት በዓል ካየ በኋላ። ለመስቀል ያልተሸጠው ቀለም ለሠርግ ሊፈለግ ይችላል። እስከዚያው ሃያ አሸምኖ መደርደር አያስፈልግም። የነጠላ ጥለት በማጉ የሚወጣ ስለሆነ አንድ ነጭ ድር ከተዘረጋ በኋላ ሸማኔው ጠርዙን ሦስት ዓይነት አድርጎ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ የተመረጠውን ታበዙታላችሁ። ገዢውን መቀየር ጥለቱን ከመቀየር ይልቅ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ቤተልሔም ጥላሁን ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም የተነሳችው አገሬው ሁሉ ከሚያውቀው የጎማ ጫማ ነው፤ የለወጠችው አጨራረሱንና ገዢውን ነው።

ሰኔ ላይ ሒሳባችሁን ስትዘጉ ከክሩና ከእጅ ዋጋው ሥር የራሳችሁን ቀን ዋጋ ጻፉና ዋጋችሁን እንደገና ደምሩ። የሚሄድ ደንበኛ ይኖራል። በምሳሌያችን ያ ደንበኛ በእያንዳንዱ ቀሚስ 200 ብር ሲያስከፍላችሁ የኖረ ነው።